ፈትል ለሸማ፥ ስኬል ለዜማ

አንድ ተማሪ ጊታር መምታት ይማር ነበር። ትጉህ ልጅ ስለ ነበረ፥ ማታ ማታ የትምህርት ቤቱን ሥራ ከፈጸመ በኋላ በአያቱ ቤት በረንዳ ተቀምጦ ስኬል ይለማመድ ነበር። ስኬል ማለት ድምፆች እንደ መሰላል ከታች ወደ ላይ፥ ከላይም ወደ ታች በተራ የሚሰለፉበት ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ተብሎ ይቈጠራል። የጊታር አንገት በቀጫጭን ብረቶች የተከፋፈለ ነው። በአንድ ክር ላይ ሲወጡ፥ ከሚ ወደ ፋ፥ ከሲም ወደ ዶ አንድ ክፍል ብቻ ይኬዳል፤ በቀሩት ግን ሁሉ ሁለት ሁለት ክፍል ይኬዳል። ልጁ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጣቶቹም ፈጣኖች ስለ ነበሩ፥ በአንድ ማታ መሰላሉን መቶ ጊዜ ይወጣ፥ መቶ ጊዜም ይወርድ ነበር፤ በዚህም እጅግ ይመካ ነበር።

አያቱ በአጠገቡ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ብዙ ማታ ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፥ አንድ ቀን «ልጄ፥ ዜማው መቼ ነው የሚጀመረው?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም «እማማ፥ ይህ ዜማ አይደለም፤ ልምምድ ነው» አላቸው።

«ልምምዱስ ለምንድን ነው?»

«ጣቶቼ እንዲፈጥኑ ነው።»

«ፈጥነውስ ወዴት ይሄዳሉ?» አሉት። ልጁ የሚመልሰው ቃል አጣ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ አንድ ዜማ እንዲመታ ታዘዘ። ዜማው አጭርና ቀላል ነበር። ነገር ግን ከመካከሉ ሲደርስ ጣቶቹ ተደናገሩ፤ እንደገና ቢጀምር በዚያው ስፍራ እንደገና ተሰናከለ። ባልንጀሮቹ ሳቁ። እርሱም ዕንባው እየመጣ ከመድረኩ ወረደ፤ በማግሥቱም ጊታሩን ተሸክሞ ወደ መምህሩ ሄደና «መምህር ሆይ፥ ይህን ይውሰዱልኝ፤ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም» አላቸው።

መምህሩ አልተቈጡም። «ፊደል እንዴት እንደ ተማርህ ታስታውሳለህን?» ብለው ጠየቁት። «ሕፃን ሀ፥ ሁ፥ ሂ፥ ሃ የሚለውን በቃሉ እንደ ውኃ ያፈስሰዋል፤ ዐይኑ ግን ገና ፊደሉን አላየም። ስለዚህ ወደ አቡጊዳ ይወስዱታል። በዚያ ከአ ቀጥሎ ቡ፥ ከቡም ቀጥሎ ጊ ስለሚመጣ፥ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። አንተም እስከ ዛሬ ስኬልን ሸመደድህ እንጂ አላነበብኸውም። የተሰናከልህበትን ስፍራ እስቲ በአፍህ አዚመው።»

ልጁ ሶል፥ ፋ፥ ሚ፥ ሬ፥ ዶ ብሎ አዜመ። ወዲያውም ደነገጠ፤ የተሰናከለበት ስፍራ በየማታው መቶ ጊዜ የሚወርድበት ያው መሰላል ነበርና። ነገር ግን ዘወትር ከታችኛው ዶ ወይም ከላይኛው ዶ ብቻ ይጀምር ስለ ነበር፥ ከመካከል መግባት አልለመደም ነበር።

መምህሩም እንዲህ ሲሉ መከሩት፤ «ከእንግዲህ ክሩን ከመንካትህ በፊት የምትፈልገውን ነገር አስብ። አንድ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ድምፅ ቀጣዩ እስኪወለድ ድረስ ሳይቋረጥ እንዲኖር አድርገህ ምታ። አንድ ጊዜ፥ ስትወጣ ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ፥ ስትወርድም ቀስ በቀስ ዝቅ አድርግ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዶና ሚ፥ ሬና ፋ፥ ሚና ሶል እያልህ አንድ አንድ እየዘለልህ ሂድ፤ ይህ የጊታር አቡጊዳ ነው። ከዚያም በዜማው ውስጥ ያስቸገረህን ቍራጭ አውጥተህ ከስኬሉ ጋር አስተያየው። አትቸኵል፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።»

ደግሞም ስለ አንድ ታላቅ ሰው ነገሩት። በእስፓንያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. የተወለደው አንድሬስ ሴጎቪያ፥ ጊታር በታላላቅ አዳራሾች እንዲከበር ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። እርሱም በ1953 ዓ.ም. የስኬል መልመጃ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ተማሪዎችም በየቀኑ ሁለት ሰዓት ስኬል እንዲለማመዱ መክሯል። ነገር ግን ሰዎች ሊሰሙት የሚመጡት ስለ ዜማው ነበር። በ1935 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፥ ባኽ ለቫዮሊን የጻፈውን ሻኮን የተባለውን ድርሰት በጊታር አሰምቷል። በልምምድ የደከሙት ጣቶቹ ፍሬ ያፈሩት በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

ልጁ ጊታሩን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አያቱ እንዝርታቸውን ሲያዞሩ አይቶ «እማማ፥ ይህን ክር ለምን ይፈትሉታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

እርሳቸውም «ይህ ለማግ ነው፤ ስለዚህ ላላ አደርገዋለሁ። ለድር ቢሆን ኖሮ አጥብቄ አከረው ነበር። ምን እንደሚሆን ሳላውቅ እንዝርት አላዞርም» ብለው መለሱለት። ልጁም የመምህሩ ምክር በዚህ ቃል ይበልጥ ገባው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ መቶ ጊዜ መምታቱን ትቶ ዐሥር ጊዜ ብቻ ይመታ ነበር፤ ዐሥሩንም ጊዜ ግን ለየራሱ ዐላማ ያደርገው ነበር። ብዙ ሳምንት ካለፈ በኋላ፥ አንድ ማታ ስኬሉን በዝግታ ሲያወጣና ሲያወርድ የአያቱ እንዝርት ቆመ። እርሳቸውም ጸጥ ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ልጄ፥ ይህ ዜማ ስሙ ማን ይባላል?» አሉት።

ልጁም ፈገግ ብሎ «እማማ፥ ያው የድሮው ስኬል ነው» አላቸው።

ልጆች ሆይ፥ ንባብም ሆነ ቍጥር፥ የእጅ ሥራም ሆነ ዜማ ስትማሩ፥ ስንት ጊዜ እንደ ደገማችሁት ብቻ አትቍጠሩ፤ ለምን እንደምትደግሙት ዕወቁ። ዐላማ የሌለው ድካም ያልተሸመነ ፈትል ነው፤ ብዙ ቢሆንም ሰው አይለብሰውም።