ጎረቤት የሚቀሰቅስ መኪና
የሚኒሶታን ጥር የቀመሰ ሰው፣ መኪናን ከቤት ሆኖ ማስነሳት ቅንጦት ነው ብሎ አይከራከርም። ጣጣው የሚመጣው ሪሞት ስታርተሩ ለብቻው ተገዝቶ ሲገጠም ነው። መኪናው በራሱ ሪሞት ተቆልፎ አላርሙ በርቷል፤ ሞተሩ ያለ ቁልፍ ሲነሳ ሌባ የገባ ይመስለዋል። ከዚያማ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሰፈሩን ያምሰዋል። (ጎረቤት ሰላምታ ቢነሳችሁ አትፍረዱበት!)

«አላርሙን ነቅለን እንጣለው» የሚል ኤሌትሪሻን አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ብዙ መኪኖች ላይ በሾፌሩ በር ቁልፍ ሲዞር አላርሙን የሚያጠፋ ቀጭን ሽቦ አለ። ስታርተሩ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በዚያው ሽቦ አጭር የኔጌቲቭ ምልክት ይልካል፤ አላርሙም ባለቤቱ የመጣ መስሎት ዝም ይላል። ሽቦውን ግን በቴስተር ሳይለኩ መንካት አይገባም። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚነጋገር ዳታ ሞጁል ነው። ኢሞቢላይዘሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ አላርሙ ዝም ቢልም የቁልፉን ቺፕ ካላገኘ ሞተሩ አይሠራም።

አንዳንዱ መኪና አላርሙ ሲጠፋ በሩም አብሮ ይከፈታል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በሩ ተመልሶ መቆለፉን እዚያው ፊታችሁ ያሳዩአችሁ።