አበባ መስሎን የገባንበት ማሳ

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ አንድ ፎቶ ትልክልኛለች። ቀይና ብርቱካናማ ቅጠል የለበሰ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ሹራቧን ደርባ፣ ፈገግ ብላ። «ሼናንዶዋ ተራራ ላይ ነን፤ ቅጠል ልናይ ወጥተን» ትላለች። የመጀመሪያውን ዓመት ሳቅኩባት። እንዴ! ቅጠል ለማየት ቤንዚን ይቃጠላል?

በኋላ ግን ቅናት ቢጤ ያዘኝ። ለካስ እኛም በዚያው ወር የምናየው አለን። ያውም የነሱ ቅጠል የሚያምረው ሊረግፍ ሲል ነው። ብርዱ ሲቃረብ አረንጓዴው ይጠፋና ተደብቆ የቆየው ቢጫ ብቅ ይላል። የኛው አገር ቢጫ ግን ክረምቱን ጠጥቶ ገና የፈነዳ አበባ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ይህን ወቅት «ፀደይ» እያልን እንሳሳታለን። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። እኔም አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ አላውቀውም ነበር፤ አትፈሩ!

እናላችሁ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰባት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በአምቦ መንገድ ወጣን። ቡራዩ ላይ እንቅልፋችን አልለቀቀንም። የገፈርሳ ግድብ ጋ ስንደርስ ውሃው ላይ ጉም ተኝቶበት ነበርና ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ላይ ቁርስ በላን። አዲስ አበባን የማገዶ እንጨት ሲያጥራት አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህች ቦታ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ኋላ አዲስ አበባን ባሕር ዛፍ አዳናት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማ ሊሆን ሲል የቀረ ቦታ ላይ ቆሞ ሻይ መጠጣት ደስ ይላል።

ወደ ጊንጪ ስንቃረብ መኪናው ውስጥ ጩኸት ሆነ። በግራ በኩል ምድሩ ሁሉ ቢጫ! «አደይ አበባ! አቁም! አቁም!» ሾፌሩ አቆመ። ቦዩን እየዘለልን ገባን። አንዱ በጀርባው ተኛበት። ሁለቱ ሴቶች ለፀጉራቸው ቀጠፉ። ሌላው እንደ ህንድ ፊልም አክተር እጁን ዘርግቶ ሮጠ። እኔ? እኔማ ፎቶ አንሺ ነኝና ጥሩ ቦታ ፍለጋ ወደ መሀል ዘልቄ ገባሁ። አንዷ ብቻ፣ ተወልዳ ያደገችው አምቦ ነው፣ አስፋልቱ ዳር ቀርታ «ኧረ ውጡ!» ትላለች። ማን ሰምቷት!

ከወዲያ ማዶ አንዲት እናት መጡ። ዱላ ይዘዋል፤ ነገር ግን አላነሱትም። የተኛንበትን ቦታ አንድ በአንድ አዩና በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። የአምቦዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ተረጎመችልን።

«ይሄ አበባ አይደለም፤ ዘይቴ ነው» አሉ።

ኑግ ነበር። አዎ፣ ያ በጾም ቀን የምንጠጣው፣ ዘይቱ ወጥ የሚሠራበት ኑግ። ቀጥለው ወደ ጓደኛችን ዞሩና «አንቺስ የአገር ልጅ ሆነሽ!» ብለው ተቆጧት። እሷ እኮ አንድ እግሯን እንኳ አላስገባችም። ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ማለት ይኼ ነው፤ ያውም እዚያው ኑጉ ፊት!

ያለንን አዋጥተን ሰጠናቸው። ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቁን። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሬያቸውን ከጀርባቸው አቁመው፣ «በሉ እኔንም አንሱኝ» አሉ። አነሳሁ። «መቼ ታመጣልኛለህ?» «በኅዳር» አልኩ። አፌ ቀላል ነው። ቃሌን ጠበቅኩ ወይ? ቆዩ፣ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ እናንተ እንደኔ እንዳታፍሩ ጥቂት ነገር ልበል። አደይ አበባና ኑግ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከሱፍ አበባ ወገን ናቸውና በሩቁ ቢያሳስቱ አይገርምም። አደይ ማንም ሳይዘራው በመንገድ ዳር፣ በሣር መሀል፣ በገደል አፋፍ ላይ ይበቅላል። ኑግ ግን ድንበር አለው። ቢጫው በቀጥታ መስመር ካለቀ፣ ከጎኑ ጤፍ ወይም ስንዴ ካለ፣ ያ የሰው ማሳ ነው። ኑግ ፍሬ የሚይዘው ንብ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትመላለስ ነው። አበባው ላይ ተኛችሁ ማለት ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ገና ያልታጨደ ዘይት አፈሰሳችሁ ማለት ነው።

ፎቶውም ቢሆን መሀል መግባት አይፈልግም። ድንበሩ ላይ ቁሙ፤ ጎንበስ በሉና ስልካችሁን ከአበባው እኩል አድርጉት፤ ሜዳው ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቢጫው ይገረጣል፤ ስለዚህ ጥዋት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ አንሱ። ፀሐይዋ ከአበባው ጀርባ ስትሆን ቅጠሉ እንደ ኩራዝ ይበራል። ሾፌሩን ጠመዝማዛ ላይ አታስቁሙት። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ። ለሰው «አመጣለሁ» ካላችሁ ግን...

እንግዲህ ወደ ቃሌ ልመለስ። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም አለፈ። የእናትየውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስንት ሰው አደነቀኝ መሰላችሁ! «አንተ ልጅ እጅህ ይባረክ» ተባልኩ፤ ደስም አለኝ። አንድ ቀን ያቺ የቨርጂኒያዋ የአክስቴ ልጅ ደወለችና «ፎቶው ግሩም ነው። ለመሆኑ እሳቸው አይተውታል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ፎቶውን አሳጥቤ፣ የአምቦዋን ልጅ ለምኜ፣ በሕዝብ መኪና ሄድን። ቦታውን ልናልፈው ምንም አልቀረንም። ማሳው ቢጫ አልነበረም፤ የዚያን ዓመት ጤፍ ተዘርቶበታል። ጠይቀን ጠይቀን ቤታቸውን አገኘን። ፖስታውን ከፍተው ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ ደቂቃ አዩ። የራሳቸውን መልክ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ጣታቸውን ከኋላ ባለው በሬ ላይ አሳረፉና «ቦራ!» አሉ። ዓይናቸው ሞላ።

ለካ ቦራ በበጋው ለባለቤታቸው ሕክምና ተሽጧል።

ቡና ተፈላልን። ስንወጣ እናትየው እጄን ይዘው የተናገሩትን ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ፦ «እኔን ረስተኸኝ ነበር፤ ቦራን ግን መለስክልኝ።»

እኔ ያንን ፎቶ ሳነሳ በሬውን አላየሁትም ነበር። ዓይኔ አበባው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስወጣ፣ ያነሳሁትን ሰው አድራሻ የምጽፍበት ትንሽ ደብተር ኪሴ ውስጥ አለች። እናንተስ? ስልካችሁን እስቲ ክፈቱት፤ የማን ፎቶ ነው እዚያ ውስጥ ባለቤቱን የሚጠብቀው?