የማያውቁትን መጽሐፍ ስለ መጠበቅ

በኢጣልያ አገር በሞንቴ ካሲኖ ተራራ ላይ ያለው፣ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረተው ገዳም፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. ከአየር በወረደ ቦምብ ፈረሰ። በዚያ ዘመቻ ከተካፈሉት አሜሪካውያን ወጣቶች አንዱ ዋልተር ሚለር ይባል ነበር። ይኸው ሰው በ1947 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገባ፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ «የሊቦዊትዝ መዝሙር» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ገዳም ያፈረሰ እጅ መጻሕፍትን ስለሚያድን ገዳም ጻፈ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሥልጣኔ በአቶም ጦርነት ከጠፋ በኋላ የተረፈው ሕዝብ፣ ጥፋቱን ያመጣብን ዕውቀት ነው ብሎ ሊቃውንቱን ገደለ፤ መጻሕፍቱንም አቃጠለ። ሊቦዊትዝ የተባለ መሐንዲስ ግን መንኵሶ በአሜሪካ በረሃ አንድ ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበርተኞቹም መጻሕፍቱን ቀበሩ፣ በቃላቸውም አጠኑ። እርሱ ራሱ ተይዞ ተገደለ።

ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ፍራንሲስ የተባለ ረድእ፣ በዐቢይ ጾም በበረሃ ሳለ፣ ሊቦዊትዝ የተወውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ንድፍ አገኘ። የንድፉን ምሥጢር የሚያውቅ በገዳሙ አልነበረም። ፍራንሲስ ግን 15 ዓመት ደክሞ በወርቅ የተጌጠ ግልባጭ አወጣለት። ሁለቱን ይዞ ወደ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሲጓዝ ወንበዴ መንገድ ላይ ጠብቆ ያማረውን ግልባጭ ቀማው፤ ዋናውን ግን ተወለት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም፣ ድካምህ ዋናውን አድኖታልና አትዘን ሲሉ አጽናኑት።

ብርዕ ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ የጻፈ ሰው ይህን ሲያነብ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። መነኮሳቱ ከጠበቁት ወረቀት የተነሣ ሊቃውንት እንደ ገና ይነሣሉ፤ በገዳሙም የኤሌክትሪክ መብራት ይበራል። በ3781 ዓ.ም. ግን የአቶም ቦምብ ተመልሶ ምድርን ያነዳል፤ ጥቂት መነኮሳትም መጻሕፍቱን ይዘው በሰማይ መርከብ ይሰደዳሉ።

እንግዲህ ፍራንሲስ የደከመው ለመብራቱ ነውን? ወይስ ለእሳቱ? ሚለር መልሱን ለአንባቢው ተወው። መብራቱና እሳቱ ከአንድ ዕውቀት የመጡ ናቸው፤ የለያያቸው የተጠቀመባቸው ሰው ልብ ነው። ስለዚህ መጽሐፍን ከእሳት የሚያድን ሰው የሥራውን እኩሌታ ብቻ ፈጽሟል። የቀረው እኩሌታ የሚያነበውን ልብ ማስተማር ነው፤ ይህንንም ግልባጭ በማብዛት ብቻ ሊያደርሱት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ጠባቂውን ሊያሰንፈው አይገባም። የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ከመደብደቡ በፊት መጻሕፍቱ በጀርመን ጦር መኪና ተጭነው ወጥተው ወደ ሮማ ደርሰው ነበርና ተረፉ። የጫኑአቸው ሰዎች ሁሉን አንብበው ሊሆን አይችልም። ገዳሙም እንደ ገና ተሠርቶ በ1964 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ተባረከ። ሚለር ግን በ1996 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሌላ ረጅም ልብ ወለድ አላሳተመም። ያፈረሱት ግንብ በ20 ዓመት ሊቆም ይችላል፤ ያፈረሰው ሰው ልብ መቼ እንደሚጠገን ግን ዓመት የሚቈጥርለት የለም።