ስለ ፌስታልና ስለ አባቶቻችን የዕቃ መያዣ

ሰው ያለ ዕቃ መያዣ ቤቱን ሊያስተዳድር አይችልም፤ እህል የሚጫንበት፣ ቅቤ የሚጠቀለልበት፣ ስንቅ የሚቋጠርበት ነገር ያስፈልገዋልና። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፣ ታናሽ መስሎ ስለሚታየው ነገር ግን ጉዳቱ ከፍ ስላለው ስለ ፌስታል ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

በአገራችን በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ የቀድሞ ሰዎች የዕቃ መያዣ የሚያገኙት ከደጃቸው ነበር። ጤፉ በአቅማዳና በስልቻ ይጫናል፤ ማሩ በገንቦና በቅል ይቀመጣል፤ ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ድፎ ዳቦው በኮባ ተሸፍኖ ይጋገራል፤ የመንገደኛው ስንቅ ቆዳ በለበሰ አገልግል ይያዛል። እኛም በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ቁራሽ የለመንንበት አኩፋዳ ከሣር የተሰፋ፣ ዳዊታችንም ያደረበት ማኅደር ከቆዳ የተበጀ ነበር። እነዚህ ሁሉ ሲያረጁ ማንንም አያስቸግሩም፤ ቅሉ ቢሰበር፣ ቅጠሉ ቢደርቅ ከጓሮ ይጣላል፤ ክረምቱ ያበሰብሰዋል፤ ውሎ አድሮም ለጎመኑ ፍግ ይሆናል።

ፌስታል ግን ከምድር ዘይትና ከጋዝ የተሠራ ነው። ፖሊኤቲሊን የሚባለው ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 በእንግሊዝ አገር ተገኘ፤ በ1965 ደግሞ ሴሎፕላስት የተባለ የስዊድን ኩባንያ ጆሮ ያለውን ከረጢት ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። ጥቅሙን አንክድም፤ ሸክሙ ቀላል ነው፣ ዝናም አያስገባም፣ ዋጋውም ጥቂት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች የተቀበሉትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን የሚያገለግለው ከሱቅ እስከ ቤት ድረስ ለጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ ከተጣለ በኋላ የሚቈየው እጅግ ብዙ ዘመን ነው። ፀሐይ ቢመታው ይቈራረጣል እንጂ አፈር አይሆንም። በጥቁሩ ዋልካ መሬት ውስጥ ሲቀበር ውሃውን ያግዳል፣ የእህሉንም ሥር ይከለክላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2015 ድረስ በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ ለሥራ የዋለው 9 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን ሊቃውንት ገምተዋል።

የጉዳቱን ክብደት በጸሐፊነት ሥራችን ምክንያት በዓይናችን ለማየት በቅተናል። ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አንዲት የምትታለብ ላም ነበረቻቸው። ላሚቱ ሣር እየተወች ከስታ ሞተች፤ ሆዷም ሲከፈት የተጠቀጠቀ የፌስታል ጥቅል ተገኘ። ጨውና የምግብ ርዝራዥ የቀረበትን ፌስታል ከብት ምግብ መስሎት ይውጠዋልና። ባልቴቲቱ ጎረቤታቸውን ባለሱቅ ከሰሱ፤ ነገሩም ወደ ዕርቅ ተመርቶ በሽማግሌዎች ፊት ሲታይ እኛ ቃል እንድንጽፍ ተጠራን። ባለሱቁ «እኔ ሸጥሁ እንጂ አልጣልሁም» አለ። ምስክሮቹም የጣለውን ሰው ሊያመለክቱ አልቻሉም፤ በሬ ምልክት አለው፣ መሬት ወሰን አለው፣ የተጣለ ፌስታል ግን ባለቤት የለውም። ሽማግሌዎቹ ብዙ ከመከሩ በኋላ «ላሚቱን የገደላት ገበያችን ነው፤ ስለዚህ ካሣው የሁላችን ነው» ብለው ፈረዱ። ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቶ ጊደር ተገዛላቸው፤ ከሁሉም አብልጦ የሰጠው ያው ባለሱቅ ነበር። ፍርዱ መልካም ነው። ነገር ግን ጊደሪቱ አድጋ እስክትወልድ ድረስ የባልቴቲቱ የልጅ ልጆች ያለ ወተት መክረማቸው በመዝገባችን አልተጻፈም።

መንግሥትም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 513፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥና ለማይበሰብስ ፌስታል የመሥሪያና የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል ከለከለ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2009 ዓ.ም. ፌስታልን ከልክላለች። ነገር ግን አዋጅ እጅን ይከለክላል እንጂ ዘንቢል አይሰጥም። ምትኩን ማዘጋጀት የእያንዳንዱ ቤት ሥራ ነው።

በውጭ አገር ከበቆሎና ከመሰለው አዝርዕት እየተሠራ ብስባሽ የሚሆን ከረጢት አለ። የአውሮፓ ደንብ እንደዚህ ያለው ዕቃ በ6 ወር ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶው እንዲፈርስ ያዛል። ይህ ግን የሚለካው ሙቀቱ 58 ዲግሪ ያህል በሆነበት በተዘጋጀ ስፍራ ነው፤ ከአጥር ሥር ቢጣል እንዲሁ በቶሎ አይፈርስም። እንግዲህ «ይበሰብሳል» የሚል ጽሕፈት ስላለበት ብቻ ማመን አይገባም። የኮባ ቅጠልና የሣር ስፌት ግን ምስክር አያስፈልጋቸውም፤ አያቶቻችን መርምረዋቸዋልና።

ዘንቢል ከፌስታል ይልቅ ውድ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ፌስታል በየገበያው እንደሚገዛ፣ በደኅና የተያዘ ዘንቢል ግን ዓመታት እንደሚያገለግል ያስብ። ደግሞም የፌስታሉ ጥሬ ዕቃ በውጭ ገንዘብ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ የዘንቢሉና የአገልግሉ ዋጋ ግን አክርማና ሰንደዶ ለቅመው ለሚሰፉት ለአገራችን ሴቶች ልጆች ይደርሳል። ስለዚህ ሹማምንት በየመሥሪያ ቤታቸው፣ ደጋሾችም በሰርጋቸውና በተዝካራቸው የሣርና የቅጠል ዕቃ እንዲያስገዙ እናሳስባለን። የቤት እመቤቶችም ትኩስ ወጥ በፌስታል እንዳይቋጠር ይከልክሉ፤ በቤት ያለውንም ፌስታል አጥበው ደጋግመው ይሥሩበት እንጂ ከብት ወደሚውልበት አይጣሉት።

ባለሱቅም ለደረቅ ዕቃ ወረቀት ይበቃዋል። ይህም ጋዜጣ ተነብቦ ሲያበቃ የቡና ፍሬ ቢጠቀለልበት እኛ ቅር አይለንም። በሚመጣው የገበያ ቀን ግን ከቤቱ የሚወጣ ሁሉ ዘንቢሉን አይርሳ።