እንደ ማሾ ነው እንደ ማንጎ?

የጣርማ በርን ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው የፈለፈለው፤ ርዝመቱ 587 ሜትር ሲሆን ሰዉ ዛሬም ሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ከደብረ ብርሃን የመጣ በብርድ እየተንዘፈዘፈ ይገባበታል፣ በወዲያ ሲወጣ የይፋት ቆላ ከሥሩ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። መምህር ሆኜ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድኩ ዕለት አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከብቡት ኮቴን አወለቅሁ። ቀጥሎ ሹራቤ ወለቀ። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቼ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ ስደርስ የቀረኝ ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

አልወደድኳትም። ሌሊቱ እንደ ቀኑ ይሞቃል፣ ትንኙ አያስተኛም። የገብስ አገር ልጅ ነኝና የማሽላ እንጀራ አልወርድልህ አለኝ። አከራዬ አርጎባ ናቸው፤ «ብላ እንጂ የኔ ልጅ፣ ይፋት ተቀምጦ ማሽላ ይጠላል እንዴ?» እያሉ ትኩሱን ያቀርቡልኛል። በረመዳን ደግሞ ከማፍጠሪያቸው ሳያካፍሉኝ አይበሉም ነበር።

የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን ምንባቡ ውስጥ «ግሮው ኦን» የሚል አባባል ገጠመን። መጀመሪያ ደስ ያላለን ነገር ውሎ አድሮ ልብ ሲገባ፣ እንግሊዞቹ «እላዬ ላይ በቀለ» እንደማለት ይሉታል ብዬ አስረዳሁ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የሚበቅለው እንደ ማሾ ነው እንደ ማንጎ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የገበሬ ልጅ ጥያቄ ነበር፤ ማሾ በሁለት ሦስት ወር ይደርሳል፣ ማንጎ ግን ዓመታት ያስጠብቃል። «እንደ ሰዉ ነው» ብዬ አመለጥኩ።

አባባሉ ሁልጊዜ የፍቅር አልነበረም። ሼክስፒር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1599 ገደማ በጻፈው «አዝ ዩ ላይክ ኢት» መጀመሪያ ላይ ታላቁ ኦሊቨር የደፈረውን ታናሹን ኦርላንዶን የሚቆጣው በዚሁ ቃል ነው፤ እላዬ ላይ ልትወጣ ነው ለማለት። በማግስቱ ይህን ብነግራቸው «ቅንጨ አረም ነዋ!» አሉኝ።

እኔ ላይ የበቀለው ግን መቼ እንደተዘራ አላውቅም። ምናልባት ገበያ ላይ ይሆናል። መንዜው ገብሱን ይዞ ይወርዳል፣ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከበረሃ ይወጣል፤ ዋጋ የሚከራከሩበትን ቋንቋ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነው የሚያውቁት። ይፋት ድሮም እንዲህ ነበረች፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወላስማዎች መንግሥታቸውን ያቆሙት ከዘይላ ወደ ደጋ የሚወጣው ነጋዴ በሚያልፍበት በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። ይህን ታሪክ ያነበብኩት በኋላ ነው። በጊዜው የሚጥመኝ ሁካታው ነበር፤ የምገዛው ሳይኖረኝ እንኳ እሄድ ጀመር።

ለፋሲካ ቤቴ ደብረ ብርሃን ስወጣ ወንድሜ «ያ ምድጃ አገር እንዴት ነው?» አለኝ። እኔ ራሴ ስንቴ የረገምኳት ከተማ በሌላ ሰው አፍ ስትሰደብ ደሜ ፈላ። ማንጎ ከዛፉ ቆርጠህ በልተህ ታውቃለህ፣ ውጭ አልጋ ዘርግተህ ኮከብ እያየህ ተኝተህ ታውቃለህ እያልኩ ተከራከርኩ፤ ጥርሴ በብርድ እየተንገጫገጨ።

«ተወው፣ ቆላ አግብቶ ነው የመጣው» አለች እናቴ፣ ሁለተኛ ጋቢ እየደረበችልኝ።