ወንድሙን ያላስመጣው አዛዥ

ቴህራን ውስጥ መንገድ ስትጠይቁ የሚነገራችሁ የሟቾች ስም ነው። “በሄማት ሂድ፣ በባኪሪ ውጣ” ዓይነት ነገር። ሁለቱም ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ሰዎች ነበሩ፤ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ ወጣትነታቸውን ሳይጨርሱ የሞቱ አዛዦች። ሰው በየቀኑ ስማቸው ላይ እየነዳ፣ ትራፊኩን እየተራገመ ወደ ሥራው ይሄዳል።

እኔ መህዲ ባኪሪን ያወቅኩት በፊልም ነው። ሃዲ ሄጃዚፋር የሚባል ኢራናዊ ራሱ አዘጋጅቶ፣ መህዲንም ራሱ ሆኖ የተወነበት ፊልም እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፤ በፈጅር ፌስቲቫልም ምርጥ ፊልም ተባለ። ከፊልሙ በኋላ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የያዘኝ ጀግንነቱ አልነበረም። አንድ እምቢታው ነው።

መህዲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሚያንዶአብ ውስጥ ተወለደ። በአገሩ ሰሜን ምዕራብ የሚኖሩ፣ አዘርኛ የሚናገሩ ሰዎች ልጅ ነው። ታብሪዝ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና ተማረ። ታላቅ ወንድሙ አሊ በሻሁ ዘመን በፖለቲካ ተይዞ ተገድሏል። ከአብዮቱ በኋላ መህዲ ለጥቂት ወራት የኡርሚያ ከተማ ከንቲባ ነበር። በዚያን ጊዜ ጎርፍ ገብቶ የአንዲት አሮጊት ዕቃ ሲያወጣ፣ ሴትዮዋ ማን መሆኑን ሳታውቅ እሱን እየመረቀች ከንቲባውን ትራገም ነበር ተብሎ ይተረካል። ሰማዕት ያለ ተረት አይኖርም፤ እንዲህ ያለውን ሳነብ ግማሹን ለተራኪው እተዋለሁ።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1980 ሲጀመር ኢራቅ ነበረች የወረረችው። መህዲ ከታች ተነስቶ የአብዮታዊ ዘብ 31ኛ አሹራ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነ። የክፍለ ጦሩ ልጆች አብዛኞቹ ከታብሪዝ፣ ከኡርሚያ፣ ከአርደቢል የመጡ፣ የገዛ አገሩ ልጆች ናቸው። ይሄን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ታናሽ ወንድሙ ሐሚድ ደግሞ ምክትሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ ላይ ኢራን “ኸይበር” ያለችውን ዘመቻ በደቡብ ኢራቅ ረግረግ ውስጥ ከፈተች። የተዋጉባቸው ደሴቶች ስማቸው መጅኑን ነው፤ በዓረብኛ እብድ ማለት። ስር ነዳጅ፣ ላይ ውሃና ቄጠማ። በዚያ ሰሞን የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ራሳቸው ሄደው አረጋግጠዋል። ሐሚድ እዚያ ሞተ። አስከሬኑ በሁለቱ ጦሮች መሃል ቀረ።

ጓዶቹ ሄደን እናምጣው አሉት ለመህዲ። ሌሎቹንም ሁሉ ማምጣት ከቻላችሁ እሱንም አምጡ፤ ካልሆነ እዚያው ይቆይ አላቸው ይባላል። ሐሚድ እስከ ዛሬ መቃብር የለውም።

ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ። እኛ ቤትም መቃብር የሌለው ሰው አለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። አያቴ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን በላስቲክ ጠቅልላ ከፍራሿ ስር አስቀምጣው ነበር፤ ሲመጣ ሥራ ይገባበታል ብላ። “አፈር ሲለብስ ያላየሁትን ልጅ እንዴት ብዬ ላልቅስ?” ትል ነበር። እንደዚያ እያለች አረፈች። እናም መጀመሪያ መህዲ ላይ ተናደድኩ። በእጅህ ያለውን አንዱን እንኳን አታመጣም? የሐሚድ ሚስትና ልጆች ምን በደሉህ?

ቆይቶ ግን ሌላው ጎኑ ታየኝ። የአያቴን ልጅ ማንም አዛዥ ወንድሜ ነው ብሎ ሊያስመጣው አይችልም ነበር። መህዲ የሐሚድን አስከሬን ብቻ ይዞ ቢመለስ ለኡርሚያ እናቶች ምን ይላቸዋል? የእኔ ወንድም ሰው ነው፣ የእናንተ ልጅ ጭቃ ነው ማለት አይደለም? የአገሩን ልጆች የሚያዝ ሰው ይሄን ማምለጫ የለውም። እምቢታው ጭካኔ መሆኑ አልቀረም። ግን ጭካኔውን ከራሱ ቤት ጀመረ።

እዚህ ላይ ብቆም ግን የፖስተሩን ሥራ መሥራቴ ነው። ኢራን ኾራምሻህርን ግንቦት 1982 አስመልሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ወደ ኢራቅ ምድር ተሻገረና ስድስት ዓመት ቀጠለ። ሐሚድም መህዲም የሞቱት በዚህ በሁለተኛው ክፍል፣ ድንበር ተሻግረው ነው። መህዲ ያልለያቸውን እነዚያን “ሌሎቹን” ወደ ረግረጉ ይዟቸው የገባው ራሱ ነው። ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች የዘመቱበት ጦርነት ነበር። ድንበሩም በ1988 ሲያበቃ ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም። አዛዡ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ግን የተላከበትን ነገር ፍትሐዊ አያደርገውም። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው የተማርኩት፤ አይመችም፣ ግን ይቻላል።

ከሐሚድ አንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1985፣ መህዲ በበድር ዘመቻ ጤግሮስ ወንዝ ዳር ተመታ። ወዳጁ አህመድ ካዜሚ ተመለስ እያለ በሬዲዮ ሲለምነው ነበር፤ እሱ ግን ይልቅ አንተ ና አለው ይባላል። አስከሬኑን በጀልባ ሊያሻግሩት ሲሞክሩ ጀልባዋ በአር.ፒ.ጂ. ተመታች። ወንዙ ወሰደው። ካዜሚ ከጦርነቱ ተርፎ የአብዮታዊ ዘብ ምድር ጦር አዛዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተሳፈረባት አውሮፕላን ስትከሰከስ የወደቀችው በመህዲ ከተማ፣ በኡርሚያ አቅራቢያ ነው።

አሁን አገሩ ለመህዲ አስፋልት ሰጥቶታል። ስሙ በትልቅ ሰሌዳ ላይ አለ። ከእሱ ጋር ውሃው ውስጥ የቀሩት ልጆች ስም የሚጠራው ግን እቤታቸው ነው፤ ያውም የሚጠራቸው ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ።