ለደከመ ሥጋ የሚገባ መጠነ ጊዜ

ከወንጪት ቆላ ወደ ደጎሎ ደጋ በእግሩ የወጣ መንገደኛ፥ ጭኑና ባቱ በድካም ደርቀው ሳሉ፥ ወጌሻው በለጋ ቅቤ ሲያሸው የደቂቃውን ልክ አስቀድሞ አይወስንም፤ ጅማቱ መላላቱን መዳፉ እስኪያውቅ ድረስ ይተጋል እንጂ። በአዲስ አበባ የማሳጅ ቤቶች ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ 30፣ 60 ወይም 90 ደቂቃ ነውና፥ እንደ ኅሊናዬ ፍርድ፥ አንገቱና ትከሻው ብቻ ለከበደው 30ው ይበቃዋል፤ መላ አካላቱ ለዛለ ሰው 60ው ይገባዋል፤ 90ውን ግን መታሸትን ለለመደ እተወዋለሁ፥ ላልለመደ ሥጋ የእጅ ብዛት በማግሥቱ ሕመም ሊሆንበት ይችላልና። ወዳጆቼ ሆይ፥ ትኩስ እብጠት ያለበት ወይም ስብራት የተጠረጠረበት አካል ግን ሐኪም ሳያየው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይታሽ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።